በድሬዳዋ በመኖሪያ ቤት ስለተቀረጸው አልበም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አልበሙ ከወጣ ወዲህ በባጃጅ ውስጥ፣ በሠርግ ቤት፣ በሻይ ቤትና በስልክ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ መልሶቹን በአንድ ቦታ ሰብስቤ ማስፈሩ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። ዘፈኖቹን የጻፍኩትም የቀረጽኩትም ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሠፈር ውስጥ በምኖርበት ሰርቪስ ቤት ሲሆን፣ ሌሎች ሰዎች እጃቸውን ያስገቡበት ቦታ ሲኖር በየመልሱ ጠቅሻለሁ። ስለ ግጥሞቹ ብቻ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ የመሣሪያውን ወሬ ዘልሎ ቢያልፍ ቅር አይለኝም።

አልበሙ በአጭሩ ስለ ምንድን ነው?

ዘጠኝ ዘፈኖች አሉት። የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላ በጡረታ ስለሚኖሩ የሽማንደፈር ሠራተኞች፣ ከድንበር ልብስ አምጥተው ስለሚሸጡ ሴቶች፣ ስለ ውኃ ወረፋ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ስለወሰደበት ሌሊት፣ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ስለሚሻገሩ ወጣቶች፣ ስለ ጫት፣ እንዲሁም በማመልከቻ ቅጽ ላይ «ብሔር» የሚለውን ቦታ መሙላት ስለተቸገረች ልጅ ይናገራል። አንዱ የፍቅር ዘፈን ነው፤ የመጨረሻው ግጥም የለውም።

በስቱዲዮ ያልተቀረጸው በገንዘብ እጥረት ነው?

በከፊል አዎን። በሰዓት በሚከፈልበት ስቱዲዮ ዘጠኝ ዘፈን እስኪያልቅ መቀመጥ ከአቅሜ በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ቢኖረኝም ውሳኔዬ የሚለወጥ አይመስለኝም። ዘፈኖቹ የሚናገሩት በዙሪያዬ ስላሉ ሰዎች ነው፤ ስለ እነርሱ የተጻፈው ግጥም ደግሞ አደባባይ ከመውጣቱ በፊት ለራሳቸው ጆሮ መድረስ ነበረበት። ሰው መጥቶ፣ ቡና ተፈልቶለት፣ በአንድ ስንኝ ላይ ከሰዓቱን ሁሉ ሲከራከር የሚታገሥ ስቱዲዮ የለም፤ ቤት ግን ይታገሣል። ሁለተኛው ምክንያት፣ ወጪውን የሚሸፍን አሳታሚ ወይም ስፖንሰር ሲመጣ በግጥሙ ላይም አስተያየት ይዞ መምጣቱ ነው። አስተያየቱ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንዲት ስንኝ ለስለስ እንድትል ብቻ ነው። ነገር ግን በየዘፈኑ አንዲት ስንኝ ከለሰለሰች የሚወጣው ሌላ አልበም ነው።

ከተቋም ውጭ ሙዚቃ ማውጣት በአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲጀምር፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ እርሱም ይህንን እያወቀ ነው የገባበት። ዛሬ እንዲህ ያለ ክልከላ የለብንም፤ ያለብን የመብራትና የሙቀት ችግር ነው።

ከድሬዳዋ የሙዚቃ ታሪክ ጋር ምን ያያይዘዋል?

ከማንም ጋር ራሴን ለማስተካከል አልደፍርም፤ ነገር ግን በዚህ ከተማ ሙዚቃ ከመድረክ በፊት ከሠፈር መነሣቱ የቆየ ነገር ነው። በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ የተመሠረተው የአፍረን ቀሎ ባንድ በአፋን ኦሮሞ የሚዘፍነው በአብዛኛው በሠርግ ላይ ነበር። ሠርግ ላይ የተዘፈነ ዘፈን የሚያደርሰውን መልእክት የተረዳው የንጉሡ መንግሥት ባንዱን አገደው፤ አባላቱም ተበተኑ። ገና በልጅነቱ የተቀላቀላቸው ዓሊ ቢራ ከዚያ በኋላ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፍኖ፣ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው በዚህችው ከተማ ነው። እኔ ከዚያ ታሪክ የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛው ኡድን (የዓረቦቹን ባለ ክር መሣሪያ) ከክራር ጋር ማጫወት፣ ሁለተኛው ዘፈን በመጀመሪያ ለሚያውቁህ ሰዎች መቅረብ አለበት የሚለው ልማድ።

የተቀረጸው በምን መሣሪያ ነው?

የድሮ ላፕቶፕ፣ ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ኮንደንሰር (ጥቃቅኑን ድምፅ ሁሉ የሚይዝ) እና አንድ ዳይናሚክ (በዋናነት ከቅርብ የሚመጣውን የሚይዝ) ማይክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ሌላ የለም። የመቅረጫው ፕሮግራም ሪፐር ነው፤ ለ60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ የግለሰብ ፈቃዱም 60 ዶላር ስለሆነ ከሌሎቹ አንጻር አይከብድም። ሁሉንም የቀረጽኩት በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ሲሆን፣ ድምፁ ሲጮህ ከዜሮ (ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጫፍ) በታች 12 ዴሲቤል ላይ ካለው መጠን እንዳያልፍ አድርጌ ነው። በ24 ቢት ለሚቀርጽ ሰው መጠኑን እስከ ጫፍ መጎተት ምንም ጥቅም የለውም፤ አንዴ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን አይጠገንም።

ሰዎች ኮንደንሰር ማይክ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላቸዋል። ጸጥ ባለና በደንብ በተሠራ ክፍል ውስጥ እውነት ነው። የእኔን ዓይነት ክፍል ውስጥ ግን ኮንደንሰሩ የጎረቤትን ቴሌቪዥን፣ የውሻ ጩኸትንና ከግድግዳ የሚመለሰውን ድምፅ ሁሉ ያመጣል። ስለዚህ ዋናውን ድምፄን በዳይናሚኩ፣ ከአፌ ግማሽ ስንዝር አርቄ ቀርጬዋለሁ። ኮንደንሰሩን የተጠቀምኩበት ለክራርና ለኡድ ብቻ ነው፤ ክራሩንም ከፊት ለፊት ሳይሆን ከድልድዩ ወደ ጎን ዘንበል አድርጌ ነው የያዝኩት፤ ምክንያቱም ፊት ለፊት ሲሆን የጥፍሩ ድምፅ ከክሩ ይበልጣል። «በ» እና «ጰ» ሲነገሩ የሚወጣውን ትንፋሽ ለማስቆም በሽቦ ቀለበት ላይ የተወጠረ ስቶኪንግ ይበቃል፤ ከሱቅ የሚገዛው ከዚህ ብዙም አይለይም።

ድሬዳዋ ውስጥ በቤት መቅረጽ ዋናው ችግር ምንድን ነው?

ሙቀቱ። ሌሎቹ ችግሮች ሁሉ ከእርሱ የሚመነጩ ናቸው። ቬንትሌተር ከተከፈተ ማይኩ ይሰማዋል፤ ከተዘጋ ዘፋኙ አይችልም። መስኮት ከተከፈተ ባጃጅ ይገባል፤ ከተዘጋ ደግሞ ክፍሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይታፈናል። ግንቦትና ሰኔ ላይ መቅረጽ ጨርሶ አይመከርም፤ የክራሩ ጅማት እንኳ በላብና በሙቀት ቅኝቱን አይጠብቅም፤ በአንድ ዘፈን መካከል ባቲ ቅኝቱ ሌላ ነገር ይሆናል። አብዛኛው የተቀረጸው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊት የማይሆንበት አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ቀን ሲግል የዋለው የጣሪያ ቆርቆሮ ሲመሽ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይንጣጣል፣ ያም ድምፅ ጸጥ ባለ ዘፈን ውስጥ ጠጠር የተወረወረ ያህል ይሰማል። ቆርቆሮው ዝም እስኪል መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው። ከዚራ ያሉት የድሮ የባቡር ኩባንያ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ረጅም ስለሆነ ይሻላሉ፤ ሰርቪሶቹ ግን እንደዚያ አይደሉም።

የክፍሉን ማስተጋባት ለመቀነስ ሰው የሚጠቀመው ፍራሽና ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ችግሩ ድሬዳዋ ውስጥ ወፍራም ብርድ ልብስ ያለው ሰው አለመኖሩ ነው፤ ማን ይለብሰዋል? እኔ የተዋስኩት ሐረር ካሉ ዘመዶቼ ነው። ሐረር ከእኛ በ55 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም ደገኛ ስለሆነች፣ እዚያ ብርድ ልብስ ከየቤቱ አይጠፋም። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭነው የደንገጎን ቁልቁለት ወርደው መጡ፤ ከጀርባዬና ከሁለቱ ጎኖቼ በገመድ ላይ ተሰጥተው ሥራቸውን በሚገባ ሠሩ። ዘፋኙ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ይልቅ ከጀርባው ያለውን መሸፈን እንደሚበልጥ ለጀማሪዎች መናገር እፈልጋለሁ፤ ማይኩ የሚያየው ወደዚያ ነውና።

ከበሮው ለምን ራቅ ያለ ይመስላል?

ስለራቀ ነው። ወፍራም ድምፅ በብርድ ልብስ አይታገድም፤ 100 ኸርዝ ያለው ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ከ3 ሜትር በላይ ስለሆነ የጣት ውፍረት ያለው ጨርቅ አይገታውም። በትንሽ ክፍል ውስጥ ሲመታ በየማዕዘኑ ይጠራቀምና ያጉረመርማል። ስለዚህ ከበሮውን ግቢው ውስጥ፣ በቀን፣ ጎረቤት ፈቅዶ ነው የቀረጽነው። ሰፊ ቦታ ላይ የተቀረጸ ከበሮ በክፍል ከተቀረጸ ድምፅ ጋር ሲገናኝ ራቅ ማለቱ አይቀርም፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

በሦስተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰማው እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ከኪቦርድ ነው?

አይደለም፤ 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን በቦኖ ውኃ ሲሞላ ነው። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር በጀሪካኑ ውስጥ የሚቀረው የአየር ቦታ ስለሚያጥር ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል። ማይኩን ከአፉ አጠገብ አድርገን፣ ከታች እስከ አንገቱ እስኪሞላ ሳናቋርጥ ቀረጽነው። ከዚያ ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ በደረሰበት ድምፅ ልክ ክራሩን ቃኘሁት፤ ክራሩ የሚገባው በዚያ ቅጽበት ነው። ዘፈኑ ስለ ውኃ ወረፋ ሲሆን፣ ወረፋ የቆመ ሰው ይህንን ድምፅ ሳያየው በጆሮው ይለየዋል፤ የፊተኛው ጀሪካን ሊሞላ ምን ያህል እንደቀረው፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ ከድምፁ ያውቃል። ከዘፈኑ ግጥም ውስጥ ስለ ማንቆርቆሪያው ነጭ ኖራ የሚለው ስንኝ ለድሬዳዋ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለሌላው አገር ሰው ግን የከተማዋ የጉድጓድ ውኃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገር ልንገር።

የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ በየትኛውም ዘፈን የማይሰማው ለምንድን ነው?

ሌሊት የሚቀርጽ ሰው ሲነጋጋ ሁለቱንም መቅረጹ አይቀርም፤ እኔም ቀርጫለሁ። በጣም ያማረ አጋጣሚ የሆነበት ቦታም ነበር። ነገር ግን ሰው ወደ ጸሎት የሚጠራበትን ድምፅ ለዘፈን ማሳመሪያ ማድረግ ተገቢ መስሎ አልታየኝም፤ ከዚህም በላይ አንዱ ገብቶ ሌላው ቢቀር ያላሰብኩት ትርጉም ይሰጠዋል፣ ሁለቱ ቢገቡ ደግሞ የመቻቻል ማስታወቂያ ይመስላል። የባጃጅ ጡሩምባውንና የፍየሏን ድምፅ ግን ትቼዋለሁ።

መብራት ሲጠፋስ?

ላፕቶፑን ቀድሞ መሙላትና በባትሪ መቅረጽ ነው። ይህ ለመብራት መጥፋት ብቻ ሳይሆን ለጥራትም ይጠቅማል፤ የምድር ሽቦ በሌለበት ቤት ቻርጀር ሲሰካ በድምፁ ሥር የሚሰማው የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ሶኬቱ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። የሠራሁትን ሁሉ ሌሊቱን ወደ ሌላ ሀርድ ዲስክ ሳልገለብጥ አልተኛም።

ሚክሲንጉና ማስተሪንጉ የማን ነው?

ሚክሲንጉ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐዱ፣ የእኔ ነው። ማስተሪንጉን፣ ማለትም ከመውጣቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ የሠራው አዲስ አበባ የሚኖር ባለሙያ ወዳጄ ነው፤ ዘጠኝ ዘፈን ሲያዳምጥ የከረመ ጆሮ የራሱን ሥራ መመዘን አይችልም። ፋይሎቹን በቴሌግራም የላክሁት እንደ ሙዚቃ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው፤ በዚህ መንገድ ሳይጨመቅ እስከ 2 ጊጋባይት ያልፋል። ድምፁን እንዳያስጮኸው ለምኜዋለሁ። ዩቱብ ከዜሮ በታች ከ14 ሉፍስ (የዘፈን ጩኸት መለኪያ) በላይ የሚጮኸውን መልሶ ስለሚቀንሰው፣ በማስጮህ የሚገኘው ትርፍ የታፈነ ዘፈን ብቻ ነው። የመጨረሻውን ፈተና ያደረግነው በባጃጅ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ግጥሙ ካልተሰማ ሚክሱ ተመልሶ ይሠራል። ከተማው ሙዚቃ የሚሰማው በዚያ ስፒከር ነውና።

በዘፈኖቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች እውነተኛ ናቸው?

እውነተኛ ናቸው፤ ነገር ግን ማንም ከዘፈኑ ተነሥቶ እንዳያገኛቸው ተደርገው ነው የተጻፉት። ልብስ ነጋዴዋ ራሷን በዘፈኑ ውስጥ ታውቀዋለች፤ ሌላ ሰው ግን አያውቃትም። የኬላውን ስም፣ የምታመጣውን ጨርቅና የምትሄድበትን ሰዓት በጥያቄዋ ቀይሬያለሁ። እርሷ የምትፈራው ሕዝብ ኮንትሮባንዲስት ይለኛል ብላ ሳይሆን፣ አንድ ስንኝ ለአንድ ፈታሽ ፍንጭ ይሆነዋል ብላ ነው፤ ፍርሃቷም ተገቢ ነው። ስለ ድሆች መዝፈን የሚወድ ሰው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ በነርሱ ላይ የሚደርሰውን ማሰብ ግዴታው ይመስለኛል፤ ጭብጨባው ለዘፋኙ፣ ጣጣው ለተዘፈነበት ሰው የሚተርፍበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ስለ ባቡር ጡረተኞች የሚናገረው የመጀመሪያው ዘፈን ደግሞ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ስለደረሰ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሽማንደፈር ለብዙ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጀራ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ፣ በድሮው ጣቢያ በለገሃር ዙሪያ የነበረው ገበያና ሠራተኛ አብሮት አልሄደም። ይህንን ሁሉ ይዤ የጻፍኩት የመጀመሪያ ግጥም በሐዘን የተሞላ ነበር። ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛ፣ በወርክሾፑ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አባት፣ ግጥሙን እስከ መጨረሻው ሰምተው «የተረሱ» የሚለውን ቃል እንዳወጣው ጠየቁኝ። ማንም አልረሳኝም፣ ልጆቼም ጎረቤቶቼም አሉ፣ ችግሩ የጡረታው ገንዘብ ለወር አለመብቃቱ ነውና እርሱን ተናገር አሉኝ። አሁን በዘፈኑ ውስጥ ያለው የዘይት፣ የስኳርና የመድኃኒት ሒሳብ እርሳቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ቆጥረው የሰጡኝ ነው። ትዝታ ቅኝት ላይ የሒሳብ ዝርዝር መዝፈን እንግዳ ነገር ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ከአልበሙ ሁሉ በጣም ፖለቲካዊ ዘፈን እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰባተኛው ዘፈን የ40፡40፡20ን ክፍፍል ይደግፋል ወይስ ይቃወማል?

ጥያቄው በሁለቱም ወገን ይቀርብልኛል፤ ሁለቱም ዘፈኑ ለሌላው ያደላ ይመስላቸዋል። በከተማዋ ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው፣ 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 በመቶ ለሶማሌ፣ 20 በመቶ ለሌሎች በሚል የሚታወቀው አሠራር በዘፈኑ ውስጥ በስሙ አልተጠራም። ዘፈኑ በአንድ መስኮት ፊት ለፊት ቅጽ ስለምትሞላ ወጣት ነው፤ አባቷ ሶማሌ፣ እናቷ ኦሮሞ፣ ያሳደገቻት አያቷ ሐረሪ ናቸው፣ ከኋላዋ ያለው ወረፋ ደግሞ ቶሎ በይ ይላታል። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደተነሣ ዘፈኑ ያልቃል። ምን ብላ እንደጻፈች የሚጠይቁኝ አሉ፤ ያልጻፍኩትን መናገር አልችልም።

የየብሔሩ የመወከል ጥያቄ ከባድና እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በአራት ደቂቃ ዘፈን የሚፈታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተፈትቶ ነበር። ዘፈን ማድረግ የሚችለው ቀመሩ በአንድ ሰው እጅ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ማሳየት ነው፤ ከዚያ አልፎ የራሱን ቀመር ካወጣ ግን መግለጫ ይሆናል፣ መግለጫ ደግሞ ማንም ሁለት ጊዜ አያዳምጥም።

የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ ነህ?

የማንኛውም አይደለሁም።

በግልጽ ከመናገር ይልቅ ለምን በሰምና ወርቅ አልተጻፈም?

ሰምና ወርቅ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ ካሴት በማይታተምበት በደርግ ዘመን ደግሞ ለብዙ ዘፋኝ መውጫ በር ነበር። አሁን ግን አድማጩ ወርቅ በሌለበትም ወርቅ መቆፈር ለምዷል። ስለ ውኃ ስትዘፍን «ውኃው መንግሥት ነው» ይሉሃል፣ ስለ ፍቅረኛ ስትዘፍን «ፍቅረኛዋ አገር ናት» ይሉሃል፤ በዚህ መካከል ውኃ የጠፋበት ሰው የውኃ ዘፈን ሳያገኝ ይቀራል። የእኔ ውኃ ውኃ ነው። ስድስተኛው ዘፈን የፍቅር ዘፈን ነው፤ ሴቲቱም አገር አይደለችም፣ ሳቢያን ሠፈር የምትኖር ሴት ናት።

አልበሙን ለማውጣት ከመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል? ችግርስ አያመጣም?

ግጥም አስመርምሮ ማለፍ የሚባል ነገር ዛሬ በሕግ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንም ሰው ሐሳቡን በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል፤ የቅድሚያ ምርመራንም በማናቸውም መልኩ ይከለክላል። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰዎች ላይ ጥላቻና ጥቃት የሚያነሣሣ ንግግርን በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። ይኸው አዋጅ የፖለቲካ ትችትንና የኪነ ጥበብ ፈጠራን ከክልከላው ለይቶ አስቀምጧል። ለጀማሪ ዘፋኝ የምመክረው ሁለቱንም አንብቦ ማወቅን ነው፤ ሁለቱም አጭር ናቸው፣ ከወሬ ይልቅም ግልጽ ናቸው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ያለውና ሰው በልቡ የሚፈራው አንድ አለመሆኑን አልክድም። በዘፈን ውስጥ ሥርዓትን፣ ውሳኔን፣ ሒሳብን እተቻለሁ፤ ሕዝብን አልነካም፣ ግለሰብንም በስሙ አልጠራም። ይህንን ያደረግሁት ከፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሹም ይለወጣል፣ ወረፋው ግን ይቆያልና ስለ ሹሙ የተዘፈነው ዘፈን አብሮት ያልፋል።

የአፋን ኦሮሞና የሶማሊኛ አዝማቾችን ማን ጻፋቸው?

የዘፈኗቸው ሰዎች ራሳቸው። እኔ አማርኛውን ካነበብኩላቸው በኋላ እነርሱ የሚመስላቸውን ጻፉ፤ ስለዚህ አዝማቹ የአማርኛው ግልባጭ አይደለም። እንዲያውም በአምስተኛው ዘፈን አማርኛው ልጁ ባሕር እንዳይሻገር ይለምነዋል፣ ሶማሊኛው ደግሞ ሄደህ ድረስልኝ ይለዋል። ሁለቱም እናት የምትለው ነው። ገቢው በሙሉ በዘፈኖቹ ላይ ለሠሩት ሰዎች እኩል እንዲካፈል ተፈራርመናል፤ በወዳጅነት የተሠራ ሥራ ላይ ወረቀት መፈራረም የሚያሳፍራቸው ጀማሪዎች ካሉ፣ የሚያጣላው ወረቀቱ ሳይሆን አለመኖሩ ነው።

ዘፈኖቹን በሠርግ፣ በቪዲዮ ወይም በቅስቀሳ ላይ መጠቀም ይቻላል?

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ተፈጥሮ በመቀረጹ ብቻ መብቱ ይጠበቃል፤ ምዝገባ ለማስረጃነት ይጠቅማል እንጂ ለመብቱ መኖር ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው እኔ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ልስጥ፦ በሠርግ፣ በለቅሶ መልስ፣ በትምህርት ቤትና በሠፈር ዝግጅት ማንም ሰው ሳይጠይቅ ይዝፈናቸው። ለሚሸጥ ቪዲዮና ለማስታወቂያ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለማንኛውም ፓርቲ ቅስቀሳ ግን፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቢስማማኝ፣ አልፈቅድም፤ ጡረተኛው ሒሳቡን የሰጡኝ ለዘፈን ነው።

አልበሙ የት ይገኛል?

በዩቱብና በቴሌግራም በነፃ ይደመጣል። ባለሙሉ ጥራቱን ፋይል የሚፈልግ በቴሌብር ከፍሎ ይወስዳል። በከተማችን የአሸዋና የታይዋን ገበያዎች አካባቢ በፍላሽ የሚገለብጡ ልጆች እንደሚሸጡትም አውቃለሁ፤ መብት መጣስ መሆኑን ነግሬያቸው፣ ቢያንስ ዘፈኖቹን ሳይቆርጡና የተሳታፊዎቹን ስም ሳያጠፉ እንዲያከፋፍሉ ተስማምተናል። ኢንተርኔት የማይደርሰው አድማጭ የሚያገኘው ከነርሱ ነው።

በመድረክ ይቀርባል?

አዳራሽ ተከራይቶ ማቅረቡ ወጪውን ስለማይመልስ ለጊዜው አልታሰበም። የታሰበው ሙቀቱ ቀለል ሲል፣ ከኅዳር በኋላ፣ በተቀረጸበት ግቢ ውስጥ ያለ ማይክ ማቅረብ ነው። ክራር፣ ኡድ፣ ከበሮና ሦስት ድምፅ ይኖራል። ግቢው ጠባብ በመሆኑ መጀመሪያ የሚቀመጡት በዘፈኖቹ ውስጥ ያሉት ሰዎችና ጎረቤቶች ናቸው፤ የቀረው ሰው በበሩና በአጥሩ ዙሪያ ቆሞ ማዳመጥ ይችላል፣ ወንበር ይዞ የሚመጣም አይከለከልም።